ሥራ ፈት ዕቃ

የኛ ቤት አኳሪየም ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ላይኛው ፎቅ ላይ ዓሣዎቹ ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ የዕቃ ነው። ላይኛው መስታወት ቆራጭ በሲሊኮን አጣብቆ የሠራው 100 ሊትር የሚይዝ ሳጥን ሲሆን፣ ምድር ቤቱ እሱን የተሸከመው ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ነው። ሰው የሚያየው ላዩን ነው፤ ውሃውን፣ ቅጠሉን፣ ጭራቸውን እያወናጨፉ የሚመላለሱትን ጋፒዎች። ሥራው ያለው ግን ከታች ነው።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ? በመብራት የሚሠራ ትርፍ የአየር ፓምፕ፣ በድንጋይ የሚሠራ ሌላ የአየር ፓምፕ፣ ትርፍ ማሞቂያ፣ ትርፍ ስፖንጅ፣ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ (ገሚሱ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የግሉኮስ ቱቦ ነው፤ ጠብታ የሚቆጣጠረው መዘውሩ አየርም ይቆጣጠራል)፣ ቼክ ቫልቭ፣ ቴርሞሜትር፣ መረብ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ባልዲ፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተረፈ ዩፒኤስ። መኖር ያለበት ይህ ነው። በሩን ስትከፍቱት የሚገኘው የትኛው ነው የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ወግ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ባለቤቴ «ቤቱን የያዙት ዓሣዎቹ አይደሉም፣ የዓሣዎቹ ዕቃ ነው» ትላለች። ልክ ናት። ዓሣዎቹ ሁሉም ተጠራርተው ቢመጡ አንድ የቡና ስኒ አይሞሉም።

ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ የሚኖረው አዲስ አበባ አይደለም። መብራት ሲሄድ ሰው የሚያጣው ብርሃን ነው። ሻማ ይለኮሳል፣ የስልክ መብራት ይበራል፣ ቴሌቪዥኑ ዝም ስላለ ቤተሰቡ ሳይወድ በግዱ ይጫወታል፤ እንዲያውም ደስ የሚል ነገር አለው። ዓሣ የሚያጣው ግን አየሩን ነው። ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚለው ፓምፕ አረፋውን ለጌጥ አይደለም የሚያወጣው። ብዙ ሰው አየሩን ውሃው ውስጥ የሚከተው አረፋው ራሱ ይመስለዋል፤ ዋናው ሥራው ግን የውሃውን ገጽ ማናወጥ ነው። ኦክስጅን የሚገባው በገጹ በኩል ነውና፣ ገጹ ሲረጋ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ሯጮቻችን በዚህ ስስ አየር ተሠልጥነው ሜዳልያ ያመጣሉ፤ ጋፒ ግን ሜዳልያ አያመጣም። ባሕር ዳርቻ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በአንድ ሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል። እኛ ዘንድ የአየሩ ግፊት የዚያን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ያው ውሃ ቢበዛ 6 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ከባሕር አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች «ፓምፑ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም አትደንግጡ» ብለው የጻፉትን ምክር እኛ ሩቡን ቀንሰን፣ ትንሽ ደንግጠን ነው የምናነበው።

አስቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ ዓሣው ራሱ አይደለም። ከዓሣ ኩስና ከተረፈ መኖ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። የፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ሠራተኞች ደመወዝ አይጠይቁም፤ የሚፈልጉት የሚንቀሳቀስ፣ ኦክስጅን ያለው ውሃ ብቻ ነው። ውሃው ቆሞ ሰዓታት ሲያልፉ ግን መሞት ይጀምራሉ። ተከድኖ የሚሠራ ትልቅ ፊልተር ከሆነማ፣ ውስጡ የታፈነው ውሃ ይበላሽና መብራት ተመልሶ ሞተሩ ሲነሣ ያንን ሁሉ ዓሣዎቹ ላይ ይደፋዋል። ስለዚህ «መጣ!» ተብሎ ሰፈሩ ሲጮህ አብሮ የማይጮህ ሰው ካያችሁ፣ ፊልተር ፈትቶ የሚያጥብ የዓሣ ባለቤት መሆኑን እወቁ።

ስለ መብራት አመጣጥም አንድ ነገር ልበል። መብራታችን ሲመለስ ቀስ ብሎ አንኳኩቶ አይገባም። አምፖሉ መጀመሪያ ከልክ በላይ ይደምቃል፣ ከዚያ ይፈዛል፣ ከዚያ ያስብበታል። በዚህ ምክንያት የኛ ሰው አንድ ጥሩ ልማድ አውጥቷል፤ መብራት እንደሄደ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ይነቀላል። ሁሉም ሰው ይነቅላል። ለመንቀል የሚታየው ትጋት ለመሰካት ሲሆን ግን አይታይም። መብራት ከተመለሰ ሰዓት ካለፈው በኋላ ዲቫይደሩን ስታዩት፣ የፊልተሩ ቦታ ላይ የስልክ ቻርጀር ተሰክቶበታል። ማን ሰካው? ማንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጠባበቂያ ዕቃ ሥራው መቀመጥ ነው። ሳይነካ፣ ሳይደክም፣ ክፉ ቀን እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ማለት። እኛ ቤት ውስጥ ደግሞ ቁጭ ያለ ዕቃ አይወደድም። የዱቄት ወተቱ ጣሳ ወተቱ እንዳለቀ እህል መስፈሪያ ይሆናል። የዘይቱ ጄሪካን ውሃ ይቀዳበታል። የሃይላንዱ ጠርሙስ ዘይት ይገባበታል። የዱቄቱ ጆንያ ተተርትሮ በርበሬ ይሰጣበታል። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚኖረው፤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር የቆመው ምንም ነገር ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር በሚል እምነት ላይ ነው። እንዲህ ባለ አገር ውስጥ አንድ ሙሉ ቁም ሣጥን አዲስ ዕቃ ዘግቶ «አትንኩት፣ ለአንድ ቀን ነው» ማለት ከስስት ይቆጠራል። በዚህ ቤት ሥራ ፈትቶ የታየ ዕቃ ይቀጠራል።

ዋናዋ ቀጣሪ አማቴ ናቸው። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ከኛ ጋር ከተቀመጡ ወዲህ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሥራ አጥ አልተገኘም።

መጀመሪያ የተቀጠረው ድንጋዩ ነው። በድንጋይ የሚሠራው የአየር ፓምፕ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ነው የሚበላው። የአማቴ ራዲዮም ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ነው የሚበላው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም፤ ግን ንግግሩን ልንገራችሁ።

«እማማ፣ እዚህ ውስጥ ድንጋይ ነበር፤ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ቁጭ ብሎ ነበር።»

«የዓሣዎቹ እኮ ነው።»

«ዓሣ ራዲዮ ይሰማል?»

«ለፓምፑ ነው እንጂ። መብራት የሄደ ለት አየር እንዲሰጣቸው።»

«መብራት አሁን አለ አይደል? እንግዲያስ ምን አስቸኮለህ ልጄ? በል ዝም በል፣ ስብከቱ እንዳያመልጠኝ።»

በአመክንዮ ከሄድን መልስ የለኝም። መብራት እያለ ድንጋዩ አያስፈልግም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ድንጋዩ አልቋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ቅጽበት ጠብቆ ድንጋዩን ማስመለስ የቻለ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ሁለተኛው ባልዲው ነው። የዓሣ ውሃ የሚቀየርበት ባልዲ ሳሙና ሊነካው አይገባም፤ የሳሙና ርዝራዥ የዓሣን ስንጥብ ይጎዳል። ስለዚህ ገዛሁና በማይለቅ ቀለም «ለዓሣ ብቻ» ብዬ ጻፍኩበት። ጽሑፉ እስከ ዛሬ በግልጽ ይነበባል፤ በግልጽ ያነበብኩት ግን የጌሾ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ነው። ባልዲው በግራዋ ታጥቦ ጠላ ተጠንስሶበታል። ምነው ከቤቱ ባልዲ ሁሉ ይሄን ብዬ ጠየቅኩ። «ጠላ ሳሙና በነካው ዕቃ ይጠነሰሳል እንዴ?» አሉኝ አማቴ ተገርመው። «ሳሙና ያልነካው እሱ ብቻ ነው፤ አንተው ራስህ ትል የለ።» እኔ ባልዲውን ለክፉ ቀን ንጹሕ አድርጌ ስጠብቀው፣ ጠባቂነቴ ለጠላው ምስክር ሆኖ ተጠራ። መረቡም በዚያው ሰሞን ጠላው ላይ ያረፈች ዝንብ ሲያወጣ ታይቷል። ጠላው፣ መቼም እውነት መናገር ነው፣ ግሩም ነበር።

ትርፉ ማሞቂያ ደግሞ የአማቴ እግር መንከሪያ ውስጥ ተገኘ። የአዲስ አበባ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ እግራቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚያሞቅ ዘንግ ተጋድሞ ይውላል። ውሃውን አሙቀው፣ ነቅለው፣ ከዚያ ነው እግራቸውን የነከሩት፤ ጥንቁቅ ሴት ናቸው። ቅሬታቸው ሌላ ነበር። የዓሣ ማሞቂያ መዘውሩ 34 ዲግሪ አካባቢ ያቆማል፤ ከዚያ በላይ ለዓሣ ሾርባ ነው። «ይሄ ዕቃ ሰነፍ ነው» አሉ። «ለብ አርጎ ይተወዋል። ስንት ብር ሰጠህበት?» ዋጋውን በግማሽ ቀንሼ ነገርኳቸው፤ እሱም አስደነገጣቸው።

ዩፒኤሱን የወሰደው ልጄ ነው። የሱ ምክንያት ዘመናዊ ነው፤ ዋይፋይ። ዩፒኤሱ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ይመጣል። ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ብትሰኩበት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አራት ዋት የምትበላ የአየር ፓምፕ ብትሰኩበት ግን ዩፒኤሱ ራሱ የሚበላውን በልቶም ለሰዓታት ያቆያታል። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ ላይ የሚቀመጠው ፓምፕ እንጂ ማሞቂያ አይደለም። ዓሣ ከብርድ በፊት የሚያልቀው በመታፈን ነው። ይህን ሁሉ ለልጄ በስሌት አስረዳሁት። «አባ፣ ራውተሩም እኮ ትንሽ ዋት ነው የሚበላው» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። የራሴን ሒሳብ ይዞ ነው የረታኝ።

አንዳንድ ሰው «ይሄ ሁሉ ሶኬት ከየት መጣ? ዱሮ ዓሣ በቤት የሚያኖሩት በምን ነበር?» ይለኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የለንደን ኬሚስት ሁለት ትናንሽ የወርቅ ዓሣዎችን ከውሃ ውስጥ ተክል ጋር እንዴት እንዳኖረ ጽፎ አሳተመ። ተክሉ ኦክስጅን ይሰጣል፣ የዓሣው ኩስ ለተክሉ ምግብ ይሆነዋል፤ የሚበሰብሰውን ቅጠልና የሚወጣውን አረንጓዴ ዝቃጭ እንዲበሉለት ደግሞ ቀንድ አውጣ ጨመረ። ሦስቱ ተስማሙ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የለንደን የእንስሳት ማሳያ የዓሣ ቤት ከፍቶ ሕዝብ ይጎርፍ ጀመር፤ በ1854 ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «ዘ አኳሪየም» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመና የእንግሊዝ ሳሎን ሁሉ መስታወት ሳጥን በመስታወት ሳጥን ሆነ። ማንም ሶኬት አልነበረውም።

እኔም ሳጥኑን በተክል የሞላሁት ይህን አንብቤ ነው። ነገር ግን ተክል ኦክስጅን የሚሰጠው ብርሃን እስካለ ነው፤ ሲጨልም እሱም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይወስዳል። እኛ ዘንድ ደግሞ መብራቱ ብዙውን ጊዜ ምን ሰዓት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። አመሻሹ ላይ ነው፤ ምድጃው ሁሉ ሲሰካ፣ በየቤቱ ያለው ምጣድ ለብቻው ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሲስብ። ስለዚህ የዋሪንግተን ተክሎች የሚረዱኝ በማያስፈልገኝ ሰዓት ነው፤ ማታ ከዓሣዎቹ ጋር ተሰልፈው አየር ይሻማሉ።

ሌላው መንገድ ለመብራታችን የሚስማማ ዓሣ መምረጥ ነው። ቤታ የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ ከላይ ያለውን አየር መተንፈስ ይችላል፤ ፓምፕ ቢቆም ግድ የለውም። ከኛ ወንዝና ሐይቅ ደግሞ አምባዛ አለ። አምባዛ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ጭቃ ውስጥ እንኳ ቆይቶ ይወጣል። መብራት ቢሄድ ቢመጣ ለሱ ያው ነው። እንግዶቻችን ሁልጊዜ «ይበላል?» ለሚሉትም አከራካሪ መልስ ይሆን ነበር፤ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ ሰው አይበላውምና፣ ዓሣ በጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም በሚለው ላይ ሁለተኛ ክርክር ተጨምሮ ቡናው በረካ አልፎ ይሄድ ነበር። ችግሩ አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ማደጉ ነው። እሱ ሲያድግ እኛ ከሳሎን መውጣት ሊኖርብን ነው።

ስለዚህ ጋፒዎቹ ጋር ቀረን፣ አንድ ሌሊትም መብራት ሄደ። የሄደው ከእራት በኋላ ነበር፤ እኩለ ሌሊት ሲሆንም አልተመለሰም። ዩፒኤሱ እየጮኸ ዋይፋዩን ያኖራል። ልጄ ተኝቷል፤ ማንም የማይጠቀምበት ኢንተርኔት በቤቱ ሞልቷል። ጋፒዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ገጽ ጋር አጋጥመው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህ ምልክት ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። በድንጋይ የሚሠራውን ፓምፕ አነሣሁ። ቀላል ነበር። በጣም ቀላል።

አማቴ በዚህ ጊዜ ራዲዮናቸውን ይዘው ወጡ። ራዲዮው ይሠራል።

«ምን ሆኑ?» አሉ ጋፒዎቹን አይተው።

«አየር አጠራቸው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይበቃል አልኳቸው፤ ገጹ ይናወጣል፣ አየር ይገባል። ጣሳውን ከእጄ ወሰዱ። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ ሲያወርዱ፣ ቡና ሲቀዱ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አቀዳዳቸው ከኔ ይሻላል፤ ከፍ አድርገው፣ ቀጭን አድርገው፣ ሳያቋርጡ። ዓሣዎቹ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ወደ ታች ወረዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ሒሳቡን አሰብኩት። የዓሣዎቹ ድንጋይ ራዲዮውን ያሠራል፤ የራዲዮው ባለቤት ደግሞ የፓምፑን ሥራ ይሠራሉ።

«እማማ፣ ድንጋዩን ለፓምፑ ብንመልሰው እኮ ይሄ ድካም ይቀርልዎታል።»

«ድንጋዩ ሥራ ይዟል» አሉኝ። «አንተ ግን ቆመሃል። ይልቅ ውሃቸው በረደ፤ ብርድ ልብስ አምጣ።»

ይህን እንኳ በትክክል ነው ያዘዙት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ በፋብሪካው ብርድ ልብስ የታወቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያው የመጣውን ብርድ ልብስ ሳጥኑን ዙሪያውን አለበስነው። አማቴ ላዩንም ሊሸፍኑት ፈለጉ፤ እሱን ከለከልኩ፣ አየር የሚገባው በዚያ ነው። «ራስ ሳይሸፈን ምን ብርድ ልብስ ነው?» አሉ፣ ግን ተዉት። ትልቅ ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ከለበሰማ የበለጠ ይቆያል። በጋዝ ምድጃው ውሃ ለብ አድርገን ሁለት ሊትር በሚይዝ ሃይላንድ ሞልተን፣ ከድነን፣ ሳጥኑ ላይ አንሳፈፍነው። የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ሃይላንዱ ይኮማተራል። 60 ዲግሪ የሞቀ ሁለት ሊትር ሙቀቱን ሁሉ ቢለቅ 100 ሊትሩን አንድ ዲግሪ እንኳ አያሞቀውም። ግን እኛም ልናሞቀው አልነበረም፤ ቁልቁል የሚሄደውን ለማዘግየት ነው። አማቴ መኖ ሊበትኑላቸው ሲሉም ተከራከርን። መብራት በሌለበት ዓሣ አይመገብም፤ የበላው አሞኒያ ሆኖ ይመለሳል፣ ባክቴሪያዎቹ ደግሞ ሥራ ላይ አይደሉም። ጤነኛ ዓሣ ቀናት ሳይበላ ይቆያል። «ሳይበላ ውሎ ሳይበላ ማደር?» ብለው አዘኑ፤ ቀጥለውም «ይጹሙ እንግዲህ» አሉና ራዲዮውን ከፍ አደረጉት።

ዓሣዎቹ ነጋላቸው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥኑን የማደራጀው በሌላ መንገድ ነው። አስተውዬ ሳየው፣ በዚህ ቤት ሳይነካ የሚቆየው መጠባበቂያ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ላይ ያለው። ሥራ ላይ ያለ ዕቃ ማንም አይቀጥረውም።

ስፖንጁን እዩት። በፕላስቲክ ታሽጎ የተቀመጠ አዲስ ስፖንጅ፣ ሲቸግር ሲወጣ ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ባክቴሪያ የለውም፤ ባዶውን ጀምሮ ሥራ እስኪችል ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያው ደግሞ ዕቃ ማጠቢያ ሆኖ ይገኛል። አሁን ትርፉ ስፖንጅ ሳጥኑ ውስጥ ከዋናው አጠገብ ቀን ከሌት አየር እየተነፋበት ይሠራል። ዋናው ቢበላሽ ወይም ለታመመ ዓሣ ሌላ ሳጥን ቢያስፈልግ፣ በባክቴሪያ የተሞላ ዝግጁ ስፖንጅ አለ። እንዳይታጠብብኝ ብዬም ተናግሬአለሁ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል፣ በረኪናማ ይቅርና። የሚታጠበው ከሳጥኑ ራሱ በተቀዳ ውሃ ነው። አማቴ ይህን «ቆሻሻን በቆሻሻ» ይሉታል።

ማሞቂያውም እንደዚሁ። አንድ ባለ 100 ዋት አሠርቶ ሌላ ባለ 100 ዋት ከማስቀመጥ፣ ሁለት ባለ 50 ዋት ሳጥኑ ውስጥ ተጋድመው ይሠራሉ። የዚህ ጥቅሙ እግር መንከሪያ ውስጥ አለመግባታቸው ብቻ አይደለም። የማሞቂያ ክፉ ብልሽቱ መሞቱ ሳይሆን ተጣብቆ መቅረቱ ነው፤ መቆጣጠሪያው ሲጣበቅ ሳያቆም ያሞቃል፣ ዓሣውም ይቀቀላል። ባለ 50ው ቢጣበቅ 100 ሊትር ለመቀቀል አቅም የለውም፤ ቢሞት ደግሞ ጓደኛው ቅዝቃዜውን ያዘገየዋል። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ሁለት ሰነፍ ከአንድ ጎበዝ ይሻላል ነው የምትለኝ?» አሉ። አዎ፣ ስለ ማሞቂያ ከሆነ እንደዚያ ነው።

ባልዲውን ያዳነው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለዓሣ የሚሆን ውሃ ቀድሞ መቀዳት አለበት፤ ደግሞም ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ያህል መቆየት ይኖርበታል። ስለዚህ ባልዲውን ሁልጊዜ ሞልቼ አስቀምጠዋለሁ። ባዶ ባልዲ ይቀጠራል፤ የሞላ ባልዲ ሥራ ይዟል። ውሃ ጠፍቶ በሚሰነብትበት ጊዜ ግን ለዚህም ዋስትና የለኝም፤ ሰው እየጠማው ጋፒ የሚያስቀድም አማኝ የለም።

ዩፒኤሱን በተመለከተ ከልጄ ጋር ተዋውለናል። ራውተሩና አንዷ የአየር ፓምፕ ጎን ለጎን ተሰክተዋል፤ ሁለቱም ትንሽ ነው የሚበሉት። ማሞቂያ እንዳይሰካበት ክልክል ነው፣ የስልክ ቻርጀርም። ጩኸቱን ልጄ ከፍቶ አጥፍቶታል። እንዴት እንዳጠፋው አልጠየቅኩትም።

ቼክ ቫልቩን ማንም አልቀጠረውም፤ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ስለሌለ ነው። ከጣት ጫፍ የማትበልጥ ነገር ናት፣ ቱቦው መሐል ትገባለች። ፓምፑ ከውሃው በታች ተቀምጦ ሲቆም ውሃው በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈስሳል፤ እሷ ናት የምታስቆመው። ሌላ ብሎክ ያለ ወዳጄ ይህችን ሳያስገባ መብራት ሄዶበት፣ ዓሣዎቹ መኖራቸውን ታች ያለው ጎረቤቱ በኮርኒሱ በኩል ነው የተረዳው። ስለዚህ አኳሪየም ለመጀመር የምታስቡ፣ ከዓሣው በፊት እሷን ግዙ፤ ወይም ፓምፑን ከውሃው በላይ ስቀሉት፣ ያውም በነጻ ነው።

አሁን ያልተፈታ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ድንጋዩ። ስፖንጅ እየሠራ ይቆያል፣ ማሞቂያ እየሠራ ይቆያል፣ ድንጋይ ግን እየሠራ ያልቃል። ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ሌላ መጠባበቂያ የሚሆንበት መንገድ የለውም፣ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ የኛ ቤት አይደለም። በመብራት የሚሠራ ራዲዮ ልግዛልዎት ብዬ አማቴን ጠይቄ ነበር። «መብራት ሲሄድስ?» አሉኝ።

እንግዲህ እኛን ለመጠየቅ የምታስቡ ወዳጆች ሁሉ፣ ሙዝና ብርቱካን ተሸክማችሁ አትድከሙ። ትልቁን ድንጋይ ግዙና ኑ። አራት ይሁን፤ ሁለቱን በር ላይ ሆናችሁ ለአማቴ ስጧቸው፣ ሁለቱን እሳቸው ቡና ሲያፈሉ ጠብቃችሁ በኪሴ ክተቱልኝ።